ፕሌይስቴሽናችሁን በምን ትሰሙታላችሁ? ሄድፎን፣ ሳውንድባር ወይስ ሙሉ ሆም ቴአትር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ካርቶን ተሸክሜ ከመርካቶ ወጣሁ። ካርቶኑ ላይ 5.1 የሚል ቁጥር በደማቁ ተጽፏል። ውስጡ አምስት ትናንሽ ስፒከሮች፣ አንድ ዉፈርና ሪሞት አለ። ማታውኑ ስፒከሮቹን በሶፋው ዙሪያ ደረደርኩ። ገመዱን ምንጣፍ ሥር ቀበርኩ። ፕሌይስቴሽኑን ከፈትኩ። ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ጌሙ ውስጥ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ኮቴ ከፊትም ከኋላም እኩል ይሰማል። የፊቶቹን ስፒከሮች ነቅዬ የኋላዎቹን ብቻ ሳዳምጥ ጉዱ ወጣ። ከኋላ የሚወጣው ያው የፊቱ ድምፅ ነው።

ዕቃው አልተበላሸም። ከጀርባው ያለው መግቢያ ቀይና ነጭ ብቻ ነበር። ቀይና ነጭ ገመድ የሚያደርሰው ሁለት ድምፅ ነው፤ ግራና ቀኝ። ሁለት ድምፅ ብቻ የገባለት ማሽን አምስት የተለያየ ድምፅ ከየት ያመጣል? ያንኑ ያባዛል እንጂ። አንዳንዱ እንዲህ ያለ ሆም ቴአትር ከጀርባው ስድስት ቀዳዳ አለው፤ ለድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ የተሠራ ነው። ፕሌይስቴሽን ግን ስድስት ገመድ የሚያወጣበት ቦታ የለውም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከስፒከር አልጀምርም። ከቲቪያችሁ ጀርባ ነው የምጀምረው።

ቲቪውን አዙሩት

የጌሙ ድምፅ ከፕሌይስቴሽን የሚወጣው ምስሉ በሚሄድበት በዚያው የኤችዲኤምአይ ገመድ ነው። ቲቪው ጋ ከደረሰ በኋላ ወደ ስፒከር የሚሻገርበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ስፒከሩ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ የሚደርሰው ጠባቡ መንገድ ያሳለፈው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የሄድፎን ቀዳዳ ወይም ቀይና ነጩ ነው። ሁለት ድምፅ፣ በቃ።

ሁለተኛው ኦፕቲካል ነው። ካሬ መሳይ ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ቲቪው ሲበራ ውስጧ ቀይ ብርሃን ይታያል። ቶሺባ በ1983 ያስተዋወቀው ቴክኖሎጂ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያልታመቀ፣ ማለትም ሳይጨመቅ እንዳለ የሚላክ ድምፅ ከሆነ ሁለት ቻናል (ግራና ቀኝ) ብቻ ያሳልፋል። ድምፅን በሚያምቁት በዶልቢ ዲጂታል ወይም በዲቲኤስ አሠራር ከታመቀ ደግሞ 5.1 ያሳልፋል። ለዕድሜው ጎበዝ ነው።

ሦስተኛው ኤአርሲ ይባላል። ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹ በአንዱ አጠገብ ስሙ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በ2009 ከወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ነው። ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ወደ ስፒከር ተመልሶ ይወጣል። የቲቪው ሪሞት የስፒከሩን ድምፅ ስለሚቆጣጠር ለቤተሰብ በጣም ይመቻል። አቅሙ ግን በሰከንድ 1 ሜጋቢት ገደማ ነው። ያልታመቀ 5.1 አይሸከምም።

አራተኛው ኢኤአርሲ ነው፤ ከ2017ቱ ኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የመጣ። አቅሙ በሰከንድ 37 ሜጋቢት ይደርሳል። ያልታመቀ 7.1 እንዳለ ያልፋል፤ ድምፅ ከራስ በላይም እንዲሰማ የሚያደርገው ዶልቢ አትሞስም ያልፋል። ቲቪያችሁ ይህ ካለው ከዚህ በኋላ የምጽፈው ግማሹ ጭንቀት አይመለከታችሁም።

አሁን ደግሞ ወደ ጌሙ ማሽን። የመጀመሪያው ፒኤስ4 እና ፒኤስ4 ፕሮ የራሳቸው ኦፕቲካል መውጫ አላቸው። በ2016 የወጣው ቀጭኑ ፒኤስ4 የለውም። ፒኤስ5ም የለውም። ኤክስቦክስ ዋን አለው፤ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ኤስ የላቸውም። ቤታችሁ ኦፕቲካል ብቻ የሚቀበል ደህና የድሮ ሳውንድ ሲስተም ካለ፣ ወፍራሙ ፒኤስ4 ቲቪውን ሳይነካ በቀጥታ ይሰካበታል። ፒኤስ5 ከሆነ በቲቪው ኦፕቲካል በኩል መዞር አለባችሁ።

ኒንቴንዶ ስዊች ያላችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ስዊች 5.1 ድምፅ ያወጣል፤ ግን ያልታመቀውን ብቻ ነው የሚያወጣው። ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ድምፁን ራሳቸው በዶልቢ አምቀው መላክ ይችላሉ፤ ስዊች አይችልም። ኦፕቲካልና ኤአርሲ ደግሞ ያልታመቀ 5.1 አያሳልፉም። ውጤቱ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ኤአርሲ ብቻ ባለው ቲቪ ላይ ለስዊች ብሎ 5.1 ሳውንድባር የሚገዛ ሰው ከመርካቶ ካርቶን ተሸክሞ ከወጣው ከእኔ አይለይም። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ኢኤአርሲ ያለው ቲቪ፣ ወይ ራሱ የኤችዲኤምአይ መግቢያ ያለው ሳውንድባር ወይም አምፕሊፋየር። በሁለተኛው መንገድ ስዊቹ መጀመሪያ ስፒከሩ ላይ ይሰካል፤ ምስሉ ከዚያ ወደ ቲቪ ያልፋል።

ዉፈርና ሁለት ስፒከር

ብዙ ቤት ያለው ይህ ነው። አንድ ዉፈር፣ ሁለት ስፒከር፣ ከቲቪው የሄድፎን ቀዳዳ የሚወጣ ገመድ። የዘመኑ ቲቪ ቀጭን ስለሆነ ስፒከሩ ከኋላ ወይም ከሥር ተወሽቆ ወደ ግድግዳ ነው የሚጮኸው። ከዚያ ጋር ሲወዳደር ማንኛውም ደህና ዉፈር ለውጥ አለው።

እዚህ ላይ የማዝነው በካርቶኑ ቁጥር ለሚሸወዱ ሰዎች ነው። 5,000 ዋት፣ 10,000 ዋት ተብሎ ይጻፋል፤ ጎኑ ላይ ፒኤምፒኦ የምትል ትንሽ ጽሑፍ ትኖራለች። ያ ቁጥር የማስታወቂያ ቁጥር ነው፤ በመለኪያ አታገኙትም። የሚታመነው አርኤምኤስ ተብሎ የሚጻፈው ነው፤ ማሽኑ ሳያቋርጥ የሚያወጣው ኃይል ማለት ነው። እሱም ካልተጻፈ ዕቃውን ገልብጡትና የመብራት ፍጆታውን አንብቡ። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ማሽን 1,000 ዋት ድምፅ እያከታተለ ሊያወጣ አይችልም። ሻጩን ብትጠይቁት «ኧረ ይሄ ሰፈር ያነቃል» ይላችኋል። ሰፈር ማንቃት ሌላ፣ ጥርት ብሎ መሰማት ሌላ።

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። በዚያው ብር ከአምስት መናኛ ስፒከር ሁለት ደህና ስፒከር ግዙ። አምፕሊፋየሩ ውስጣቸው ያለ፣ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ጥንድ ስፒከር ማለቴ ነው። ቲቪው ግራና ቀኝ አድርጓቸው። ከእናንተ እስከ ስፒከር ያለው ርቀት በሁለቱ ስፒከሮች መሃል ካለው ጋር ተቀራራቢ ይሁን፤ ሦስት እኩል ጎን እንዳለው ሦስት ማዕዘን። በጌም ውስጥ መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ታዩታላችሁ ማለት ይቻላል።

ሄድፎን፣ የተናቀው አሸናፊ

ብዙዎቻችን ጌም ያደግነው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ የሚሰማው ጌሙ ሳይሆን ወረፋ የሚጠብቀው ልጅ ጩኸት ነው። ስድስት ቲቪ ተደርድሮ ድምፅ ቢከፈት ማን ምን ይሰማል? ለዚህ ይመስለኛል ጌም ድምፅ እንዳለው ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ከኋላ የሚመጣን ሰው ኮቴ ለመስማት ዋናው ፍላጎታችሁ ከሆነ፣ በብር ሲሰላ ከሄድፎን የሚሻል የለም። ፒኤስ5 በ2020 ሲወጣ ጀምሮ ቴምፔስት የሚባል የራሱ የ3ዲ ድምፅ አሠራር አለው። ልዩ ሄድፎን አይፈልግም። የጆይስቲኩ ታችኛው ጫፍ ላይ ባለችው ቀዳዳ ማንኛውንም ባለገመድ ሄድፎን ብትሰኩ ይሠራል። ሴቲንግ ውስጥ ድምፁን ለጆሯችሁ እንዲስማማ የምታስተካክሉበት ምርጫ አለ፤ ሞክሩት። ኤክስቦክስ ዊንዶውስ ሶኒክ የሚባለውን በነፃ ይሰጣል። ለሄድፎን የሚሆነው ዶልቢ አትሞስ ግን ክፍያ አለው።

አንድ ጥንቃቄ። ፒኤስ5ና ኤክስቦክስ ተራ የብሉቱዝ ሄድፎን አይቀበሉም። ስልክ ላይ የምትጠቀሙበትን አምጥታችሁ «ለምን አይታየኝም» እንዳትሉ። ገመድ አልባ ከፈለጋችሁ ለማሽኑ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ስዊች ከ2021 ጀምሮ ብሉቱዝ ይቀበላል፤ ይሁን እንጂ የብሉቱዝ መዘግየት አለ። ስለ እሱ ወደ ታች እመለሳለሁ።

የሄድፎን ጉድለቱ ግልጽ ነው። ብቻችሁን ናችሁ። ወንድማችሁ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ኳስ ሲጫወት ጎሉ የሚጮኸው ለእናንተ ብቻ ነው። ዉፈር ደረት ላይ የሚያሳርፈውን ነገርም ሄድፎን አይሰጥም።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ግን ሌላ ክርክር ያለ አይመስለኝም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ሲመታባችሁ ከምትሰሙ፣ ሄድፎን አድርጋችሁ ብታድሩ ይሻላል።

ሳውንድባር

ሳውንድባር ቲቪ ሥር የሚጋደም ረጅም ስፒከር ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም ዓይነቱ ብዙ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ከቻላችሁ ግማሹን ምርጫ ጨርሳችኋል። የመጀመሪያው ቁጥር በጆሮ ከፍታ ያሉት ቻናሎች ብዛት ነው። ሁለተኛው ዉፈር ነው። ሦስተኛ ቁጥር ካለ ወደ ላይ የሚተኩሱት ናቸው። 2.0 ማለት ግራና ቀኝ፣ ያለ ዉፈር። 3.1 ሲሆን መሃል ላይ ለንግግር የሚሆን ይጨመራል፤ የኳስ ኮሜንታተር ወይም የፊልም ንግግር «አይሰማኝም» ለሚል ቤተሰብ የመጀመሪያው ደህና ምርጫ ይህ ነው። 5.1.2 ሲል ከኋላ ሁለት፣ ወደ ላይ ሁለት ይጨምራል።

ከኋላ የሚባለው ግን በእውነት ከኋላ መሆኑን ጠይቁ። አንዳንዱ 5.1 ሳውንድባር ለብቻቸው ከሶፋው ኋላ የሚቀመጡ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች አሉት። ሌላው የለውም፤ ድምፁን ግድግዳ ላይ አንጥሮ ከኋላ የመጣ ለማስመሰል ይሞክራል። ማስመሰሉ የሚሠራው ግራና ቀኛችሁ ባዶ ግድግዳ ሲኖር ነው። በአንድ በኩል ወጥ ቤት የተከፈተበት፣ በሌላ በኩል መጋረጃ የተሰቀለበት ሳሎን ውስጥ ድምፁ ሄዶ አይመለስም።

ወደ ላይ የሚተኩሱትም እንዲሁ። ዶልቢ አትሞስ ድምፅ ከራስ በላይ እንዲሰማ ያደርጋል፤ ሳውንድባሩ ደግሞ ድምፁን ኮርኒስ ላይ አንጥሮ ነው ያንን የሚያደርገው። ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ይፈልጋል። የኮንዶሚኒየም የኮንክሪት ጣሪያ ለዚህ ተስማሚ ነው። የአቡጀዲ ኮርኒስ ባለው የድሮ ቤት ግን ጨርቁ ድምፁን ይውጠዋል። ለዚያ ቤት ሦስተኛውን ቁጥር ከፍሎ መግዛት ብር መጣል ነው። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ የለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ቀዳዳው ነው። ሳውንድባሩ ኤችዲኤምአይ አንድ ብቻ ካለው ሁሉ ነገር በቲቪው ኤአርሲ በኩል ይመጣል፤ ስለዚህ የቲቪው ኤአርሲ ደካማ ከሆነ ሳውንድባሩም ደካማ ሆነ ማለት ነው። ሁለት ካለው አንዱ መግቢያ ነው፤ ጌሙን በቀጥታ ትሰኩበታላችሁ። እኔ ብሆን ትንሽ ጨምሬም ቢሆን መግቢያ ያለውን እመርጣለሁ። ቲቪው ቢያረጅ፣ ቢቀየር፣ ድምፁ አይነካም።

የራሱ ዕዳ ግን አለው። ፒኤስ5ና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 4ኬ ምስል በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ መላክ ይችላሉ። ለዚህ የኤችዲኤምአይ 2.1 አቅም ያስፈልጋል፤ ጣሪያው በሰከንድ 48 ጊጋቢት ነው። የኤችዲኤምአይ 2.0 ጣሪያ 18 ነው። ብዙ ሳውንድባሮች የሚያሳልፉት 4ኬ በ60 ብቻ ነው። 120 የሚያሳይ ቲቪ ካላችሁ እንዲህ ያለው ሳውንድባር መሃል ገብቶ ምስሉን ያንቃችኋል። እንግዲያው ጌሙን ቲቪው ላይ ሰክታችሁ ድምፁን በኢኤአርሲ መልሱት። ቲቪያችሁ 60 ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛው ቤት ያለውም እሱ ስለሆነ፣ ይህን አንቀጽ እርሱት።

አንድ ትንሽ ወጥመድ ደግሞ አለ። ብዙ ቲቪዎች 120 የሚቀበል ቀዳዳ ሁለት ብቻ ነው ያላቸው። ከሁለቱ አንዱ ራሱ ኢኤአርሲው ይሆናል። ፒኤስ5ም ኤክስቦክስም ያለው ሰው ሳውንድባር ሲጨምር አንዱን ማሽን ወደ ዝቅተኛው ቀዳዳ ይገፋል።

ሙሉ ሆም ቴአትር

እዚህ ቃሉ ራሱ ያምታታል። በእኛ አገር «ሪሲቨር» ሲባል የሚታየን የዲሽ ሪሲቨር ነው። ሆም ቴአትር ላይ ሪሲቨር የሚባለው ግን ሌላ ነው። ከባድ ሳጥን፤ ከጀርባው ብዙ የኤችዲኤምአይ መግቢያና የስፒከር ገመድ ማሰሪያ ያለው። ጌሙ፣ ዲሹ፣ ሁሉም እሱ ላይ ይሰካሉ። እሱ ለእያንዳንዱ ስፒከር የየራሱን ድምፅ ያከፋፍላል፤ ምስሉን ወደ ቲቪ ይልካል። እንዳይምታታ አምፕሊፋየር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ትልቁ ጥቅሙ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት አለማስፈለጉ ነው። ዛሬ አምፕሊፋየሩንና ሁለት የፊት ስፒከር ትገዛላችሁ። ከዓመት በኋላ መሃለኛውን፣ ከዚያ ዉፈሩን፣ ከዚያ የኋላዎቹን። አንዱ ስፒከር ቢቃጠል እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ሳውንድባር ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ነው የሚሄደው። ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች ማይክ ይዘው ይመጣሉ። ማይኩን የምትቀመጡበት ቦታ ታደርጉታላችሁ፤ ማሽኑ እየጮኸ የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀት ይለካል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ማሽኑ ቅርብ ያለውን ስፒከር በዚያችው ልክ ያዘገይና ሁሉም እኩል እንዲደርስ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ነገር በጆሮ ማስተካከል ከባድ ነው።

ጉዳቱ ገመዱ፣ ቦታውና ብሩ ነው። የዋጋ ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። የተከራያችሁበት ቤት ከሆነ ግን ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት አከራዩን አስቡ።

ያገለገለ አምፕሊፋየር ከገዛችሁ፣ በ2020 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ኤችዲኤምአይ 2.1 አምፕሊፋየሮች አንዳንዶቹ ላይ ችግር እንደነበረ እወቁ። ውስጣቸው ያለው ቺፕ ከኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 4ኬ በ120 ሲመጣበት ስክሪኑን ያጠቁር ነበር። 120 የማትጠቀሙ ከሆነ ግድ የላችሁም፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ሰበብ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ስለተቃጠልኩበት ነው። ዘመድ ከቨርጂኒያ ሲመጣ ያገለገለ ዉፈር በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። በደስታ ሶኬት ላይ ሰካሁት። አንዴ «ጧ» አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220።

ፒኤስ5ና ኤክስቦክስ ሲሪስ ከየትም ይምጡ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። ሰው በዚህ ይታለላል። ፕሌይስቴሽኑ ስለሠራ አምፕሊፋየሩም ይሠራል ብሎ ያስባል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አምፕሊፋየሮችና ዉፈሮች ግን ብዙዎቹ 120 ብቻ ናቸው። ሳውንድባር ከሆነ የባሩንም የዉፈሩንም ጀርባ ለየብቻ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሌለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ከዕቃው ዋት በደንብ ይብለጥ። ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት «የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» ማለት ይቀላል። ከዱባይ የመጣ ዕቃ በቮልት አያስቸግርም፤ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያው አዳፕተር ይፈልጋል እንጂ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለው ነገርም አለ። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ፣ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን አጥፉትና ተመልሶ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

የሚዘገይ ድምፅ

ለፊልም የማያስቸግር መዘግየት ለጌም ያስቸግራል። ፊልም ላይ ቲቪው ምስሉን ከድምፁ ጋር እንዲገጥም ማቆየት ይችላል። ጌም ላይ ግን የምትጫኑት እናንተ ናችሁ። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም አንዱን ምስል የሚያሳየው ለ17 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ተራ ብሉቱዝ እስከ 200 ሚሊሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ይህ ማለት ተኩሳችሁ አሥራ ሁለት ምስል ካለፈ በኋላ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ቲቪን ከሳውንድባር ጋር በብሉቱዝ ማገናኘት ለዘፈን ይሁን፤ ለጌም በገመድ።

በገመድም ሆኖ ድምፁ ከኋላ ከቀረ ሁለት ነገር ሞክሩ። ቲቪውን ጌም ሞድ ላይ አድርጉት። ከዚያ የቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ፓስ ስሩ ወይም ቢትስትሪም የሚል ካለ እሱን ምረጡ፤ ቲቪው ድምፁን ፈትቶ መልሶ ከማሰር ይቆጠባል።

ሴቲንግ

የገዛችሁት ምንም ይሁን፣ ማሽኑ ካልተነገረው አያውቅም። ፒኤስ5 ላይ ሴቲንግ፣ ሳውንድ፣ ኦዲዮ አውትፑት ግቡ። የተሰካው ቲቪ ነው፣ ሳውንድባር ነው ወይስ አምፕሊፋየር ብሎ ይጠይቃል። በኢኤአርሲ ወይም በቀጥታ ኤችዲኤምአይ ከሆነ ሊኒየር ፒሲኤም (ያልታመቀው ድምፅ ማለት ነው) ምረጡ። በኦፕቲካል ወይም በተራ ኤአርሲ ከሆነ ግን ዶልቢን ምረጡ፤ አለበለዚያ ሁለት ቻናል ብቻ ይደርሳል። ፒኤስ4 ላይም ያው ነው። ዲቲኤስ የሚለውንም ታያላችሁ፤ ሳምሰንግ ቲቪዎች ግን ከ2018 ወዲህ ዲቲኤስን ትተዋል፣ ዶልቢ ይሻላችኋል። ለጌም የሚሆነው አትሞስ ፒኤስ5 ላይ የተጨመረው በ2023 ነው፤ ማሽናችሁን ካላደሳችሁት ምርጫው አይታይም።

ኤክስቦክስ ላይ ጄኔራል ውስጥ ቮልዩም ኤንድ ኦዲዮ አውትፑት የሚለው ነው። ለሳውንድባርና ለአምፕሊፋየር የሚሆነው አትሞስ በነፃ ነው፤ ዶልቢ አክሰስ የሚባለውን አፕ ማውረድ ብቻ ይፈልጋል። ስዊች ላይ ቲቪ ሳውንድ የሚለውን ሰራውንድ አድርጉት።

ዉፈሩ የት ይቀመጥ

ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ዉፈር የግድ ቲቪ ሥር አይቀመጥም። የሚገርም ዘዴ አለ። ዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አውጡት። ባስ ያለው ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ በጉልበታችሁ ሳሎኑን እየዳኻችሁ አዳምጡ። ድምፁ ሞልቶ፣ ሳይጎረብጥ የተሰማችሁ ቦታ ላይ ዉፈሩን አስቀምጡት። ቤተሰብ ቢስቅ ይሳቅ። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አድርጉ፤ የኮንክሪት ወለል ንዝረቱን ለታችኛው ጎረቤት ያደርሰዋል።

የኋላ ስፒከሮች ስማቸው «የኋላ» ይሁን እንጂ ቦታቸው ከጎናችሁ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ነው። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ድምፁን ያንቋቋዋል፤ ምንጣፍና ወፈር ያለ መጋረጃ ከአንድ ተጨማሪ ስፒከር በላይ ይጠቅማል።

ሱቅ ስትሄዱ

ለማን ምን እንደምመርጥ ልንገራችሁ። ብቻውን ማታ ማታ ለሚጫወት ተከራይ፣ ባለገመድ ሄድፎን። ፊልምም ኳስም ጌምም በአንድ ሳሎን ለሚያይ ቤተሰብ፣ ኤችዲኤምአይ መግቢያና እውነተኛ የኋላ ስፒከር ያለው ሳውንድባር። ብሩ ካልደረሰ 3.1፤ ቀይና ነጭ ብቻ ያለው «5.1» ግን በፍጹም። የራሱ ቤት ላለውና ቀስ በቀስ መጨመር ለሚወድ፣ አምፕሊፋየርና ሁለት ደህና ስፒከር ለመጀመሪያ።

ስትሄዱ ማሽኑን በቦርሳ ያዙት፤ ገመዱንም ጭምር። ከፒኤስ5 ካርቶን ውስጥ የወጣው ገመድ 2.1 ስለሆነ ከሱቁ ገመድ እሱን እመኑ። ሱቅ ውስጥ አስከፍታችሁ አንድ ጌም አስጀምሩ። የሚነድ እሳት፣ የሚፈስ ውሃ ወይም የሚጮህ ሬዲዮ ያለበት ቦታ ፈልጉና ገጸ ባሕሪውን አጠገቡ አቁሙት። ከዚያ በጆይስቲኩ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ድምፁ ከፊት ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ኋላ እየተከተላችሁ መዞር አለበት። ከሁሉም ስፒከር እኩል እየወጣ ባለበት ከቆመ ዕቃውን መልሱለት። ሻጩ «ካርቶን አይከፈትም» ካላችሁ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም።